ስም ያወጣ ቅርንጫፍ ዓላማውን ሲስት፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ክፍል ታሪክ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በንግድ ሥራ ውስጥ ከሚያጋጥሙት ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው ስም ያወጣውን ቅርንጫፍ መዝጋት ነው። አዲስ ሱቅ የሚከፍተውን ሰው ተስፋ ይመራዋል፤ ወዳጅም ያበረታታዋል። የቆየውን የሚዘጋው ግን የአባቱን ስም፣ የደንበኛውን ትዝታ፣ የሠራተኛውን እንጀራና የጎረቤቱን ሐሜት አንድ ላይ ይሸከማል። ስለዚህም ብዙ ነጋዴ ዋናውን ሥራ የማያገለግለውን ቅርንጫፍ «ስማችን የወጣው በእርሱ ነው» በማለት ብቻ ለዓመታት ይዞት ይኖራል። ሒሳቡ በየዓመቱ እየጎደለ ሲሄድም ጉድለቱን ከሌላው ክፍል ትርፍ እያነሣ ይሞላዋል።

ይህን ጉዳይ አጥርቶ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ከገበያ ውጭ ይገኛል። ታሪኩ በአሜሪካ አገር የሚገኘው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ክፍል ታሪክ ነው። ይህ ክፍል ለዩኒቨርሲቲው በመላው አሜሪካ ስም አወጣለት፤ ቀጥሎም ጌታው ሊሸከመው የማይችል ሆነ፤ በመጨረሻም በገዛ ባለአደራዎቹ ፈቃድ ተዘጋ። ከዘመናት በኋላም በሌላ መጠንና በሌላ ዓላማ እንደገና ተከፈተ። ታሪኩ ከዚህ በታች በተራ ይገለጻል፤ ነጋዴ ሊቀስመው የሚገባው ትምህርትም በመጨረሻው ላይ ይዘረዘራል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስረዳት

አሜሪካኖች «እግር ኳስ» የሚሉት ጨዋታ አንባቢ በየሜዳው ከሚያውቀው ጨዋታ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ አልፎ አልፎም በእግር ይመታል። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከአንዱ የግብ መሥመር እስከ ሌላው 100 ያርድ ነው። ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልሆነለት ኳሱ ለተቃራኒው ወገን ይሰጣል። ኳሱን ይዞ የተቃራኒውን የግብ መሥመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። ኳሱን እንደ ያዘ ከራሱ የግብ መሥመር በስተኋላ የተጣለ ተጫዋች ደግሞ ለባላጋራው 2 ነጥብ ያስቈጥርለታል።

ጨዋታው ግፊያና ትንንቅ የበዛበት ስለ ሆነ ብዙ ተጫዋች፣ ብዙ መሣሪያና የማያቋርጥ ልምምድ ይጠይቃል። በአሜሪካ ይህን ጨዋታ ያሳደጉት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ናቸው። ሕዝቡ ቲኬት ገዝቶ ይመለከታል፤ ጋዜጣ ይጽፋል፤ የቀድሞ ተማሪዎችም ስለ ትምህርት ቤታቸው ክብር ይከራከራሉ። ቲኬት ባለበት ቦታ የሒሳብ መዝገብ አለ፤ የሒሳብ መዝገብ ባለበትም የነጋዴ ትምህርት አይጠፋም።

የዩኒቨርሲቲው መቋቋምና ወረቱ

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከመሠረቱ ጀምሮ የነጋዴ እጅ ያለበት ነው። በ1889 ዓ.ም. የነዳጅ ዘይት ባለሀብቱ ጆን ሮክፌለር 600 ሺሕ ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ነገር ግን ሌሎች ሰዎች በበኩላቸው 400 ሺሕ ዶላር እንዲያዋጡ ውል አስገቡ፤ ይኸውም ዩኒቨርሲቲው የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የከተማው ሀብት እንዲሆን ነው። በቺካጎ ከተማ የታወቀ ትልቅ መደብር የነበራቸው ነጋዴ ማርሻል ፊልድም ዐሥር ኤከር መሬት ሰጡ። የመጀመሪያው የመጫወቻ ሜዳ በእኒሁ ነጋዴ ስም «ማርሻል ፊልድ» ተባለ።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የጥንታዊ ቋንቋዎች ሊቅ ሲሆኑ የገበያ ነገርም የገባቸው ሰው ነበሩ። በምሥራቁ አሜሪካ ሃርቫርድና ዬል ከመቶ ዓመታት በላይ ስማቸውን ሲያከማቹ ኖረዋል። ቺካጎ ግን በሩን የከፈተው ጥቅምት 1 ቀን 1892 ዓ.ም. ነው። አዲስ ቤት አሮጌ ስም ካላቸው ቤቶች ጋር ለመወዳደር ሕዝብ በቶሎ የሚያውቅበት መንገድ ያሻዋል። ፕሬዚዳንት ሃርፐርም ከመረጧቸው መንገዶች አንዱ እግር ኳስ ሆነ።

የአሠልጣኙ ውል

ለዚህ ሥራ የተጠሩት ኤሞስ አሎንዞ ስታግ ይባላሉ። በ1862 ዓ.ም. ተወልደው በዬል ዩኒቨርሲቲ የተማሩና በተጫዋችነት ዝና ያተረፉ ሰው ነበሩ። ሃርፐር በመጀመሪያ 1,500 ዶላር የዓመት ደመወዝ አቀረቡ፤ ቀጥሎ 2,000 አሉ፤ በመጨረሻም 2,500 ዶላርና የተባባሪ ፕሮፌሶርነት ማዕረግ ከቋሚ ሹመት ጋር ሰጧቸው። በዚያ ዘመን የጨዋታ አሠልጣኝ እንደ ቀን ሠራተኛ የሚቀጠርና የሚሰናበት ስለ ነበረ እንዲህ ያለው ውል አዲስ ነገር ነበር። የስታግ ሹመት በሽንፈት የማይነጠቅ፣ በድል ብቻም የማይለካ ሆነ።

ሥራው የተጀመረው በጥቂቱ ነው። በ1892 ዓ.ም. ተጫዋች ስላልበቃ የሠላሳ ዓመቱ ስታግ ራሳቸው ልብሱን ለብሰው ከተማሪዎቻቸው ጋር ተሰለፉ። ፕሬዚዳንት ሃርፐር ግን የሚያስቡት ሰፋ አድርገው ነበር፤ ቡድኑ በአገሩ ሁሉ እየተዘዋወረ የሌሎችን ኮሌጆች ቡድኖች እንዲያሸንፍ ፍላጎታቸውን ለስታግ ገልጸውላቸዋል። በ1894 ዓ.ም. በገና ሰሞን ቡድኑ በባቡር እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ተጕዞ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋጠመ። ይህ ጉዞ በነጋዴ ዐይን ሲታይ የናሙና ጉዞ ነው፤ አዲሱ ቤት ስሙን በማያውቁት ከተሞች ሸቀጡን አሳየ።

የውድድር ደንብና የክብር ዘመን

ጨዋታው እየሰፋ ሲሄድ ማጭበርበርም አብሮ ሰፋ። ተማሪ ያልሆነ ሰው ተማሪ ተብሎ ይሰለፍ፣ አንዱ ተጫዋችም በየዓመቱ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዘዋወር ነበር። ይህን ለመግታት በጥር ወር 1895 ዓ.ም. የሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች በቺካጎ ከተማ ፓልመር ሃውስ በተባለው ሆቴል ተሰበሰቡ። በየካቲት ወር 1896 ዓ.ም. ማኅበሩ ተቋቋመ። ይህ ማኅበር በኋላ «ቢግ ቴን» ተብሎ የታወቀው ነው፤ ቺካጎም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ተፎካካሪ ነጋዴዎች የሚዛንና የመለኪያ ደንብ ለማውጣት አንድ ላይ እንደሚቀመጡ እነዚህም ስለ ጋራ ገበያቸው ጥራት ተስማሙ።

ከዚህ በኋላ የቺካጎ ቡድን በ1899፣ በ1905፣ በ1907፣ በ1908፣ በ1913፣ በ1922ና በ1924 ዓ.ም. የማኅበሩ አሸናፊ ሆነ። ከድሎቹ ሁሉ የሚታወሰው ግን ኅዳር 30 ቀን 1905 ዓ.ም. የተገኘው ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ56 ግጥሚያዎች ሳይሸነፍ ቆይቶ ወደ ቺካጎ መጣ። 27 ሺሕ ያህል ተመልካች በተገኘበት ሜዳ አንድ የሚሺጋን ተጫዋች ከራሱ የግብ መሥመር በስተኋላ ተጣለ፤ ቺካጎም 2 ለ 0 አሸነፈ። የአምስት ዓመት ገናና ስም በሁለት ነጥብ ተሰበረ።

በክብሩ ሥር ግን ጉድለት ነበረ። በዚያው በ1905 ዓ.ም. ኤድዋርድ ጆርዳን የተባሉ ጸሐፊ፣ በኋላ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ያቋቋሙት ሰው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ድልን በገንዘብ እየገዙ ነው ሲሉ በአንድ መጽሔት ተከታታይ ጽሑፍ አወጡ። ቺካጎም ከተወቀሱት አንዱ ሆነ። የዚያ ዘመን ታላቅ ተጫዋች ዋልተር ኤከርሶል ስሙ በአገሩ ሁሉ ቢጠራም ከዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ሳያገኝ ወጣ። ትምህርት ለመስጠት የቆመ ቤት ዝናውን ለሚያወጣለት ልጅ ዋናውን ሸቀጡን ሳይሰጥ አሰናበተው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በጨዋታው የሚጐዱና የሚሞቱ ወጣቶች በዝተው ነበር። ስለዚህ በ1905 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን መሪዎች ጠርተው መከሩ። በ1906 ዓ.ም. ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ በኋላ መላውን አሜሪካ የሚያስተዳድረው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበርም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። የቺካጎ ማኅበርተኞችም የዓመቱን ግጥሚያ ወደ አምስት ዝቅ አደረጉ፤ አንድ ተማሪ ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይሰለፍና የመግቢያው ዋጋ ከ50 ሳንቲም እንዳይበልጥ ወሰኑ። እንዲህ ባለ ጥብቅ ደንብም ውስጥ ቺካጎ በ1907ና በ1908 ዓ.ም. አሸነፈ። ደንብ መከበሩ ጎበዝ ነጋዴን እንደማይጐዳው ከዚህ ይታያል።

ገበያው ሲለወጥ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያው መልኩን ለወጠ። በየክፍለ ሀገሩ የሚገኙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ሺሕ ተማሪ ይቀበሉ ጀመር። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1922 ዓ.ም. ከ60 ሺሕ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲዮም ከፈተ፤ ኢሊኖይ በ1923 ዓ.ም. ተከተለ፤ ሚሺጋን ደግሞ በ1927 ዓ.ም. ከ70 ሺሕ በላይ የሚይዝ ሠራ። እንዲህ ያለ ሕንፃ በየዓመቱ በተመልካች መሞላት አለበት፤ እንዲሞላ ደግሞ ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ለማሸነፍም ጠንካራ ተጫዋቾችን ከሩቅ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በዚያው በቺካጎ ከተማም ሌላ ተፎካካሪ ተነሣ። በ1920 ዓ.ም. አንድ የስታርች ፋብሪካ በዲኬተር ከተማ ያቋቋመው ባለደመወዝ ቡድን በ1921 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ተዛወረ፤ በ1922 ዓ.ም. «ቺካጎ ቤርስ» ተባለ። የከተማው ሕዝብ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲው ሜዳ ብቻ ያገኘው የነበረውን ጨዋታ አሁን ሙያቸው ከሆነ ሰዎች መግዛት ቻለ።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነበር። የሮክፌለር ስጦታ ተደምሮ 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲደርስ ቤቱ በምርምርና በከፍተኛ ትምህርት ታወቀ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂቶች ነበሩ። በ1931 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ የትምህርት ሥርዓት በአጠቃላይ ፈተና ላይ የቆመና ከባድ ስለ ነበረ ለጨዋታ ብቻ የሚመጣን ወጣት የሚያስጠጋ አልሆነም። በዚህ ዓይነት አንዱ ቤት በሁለት ጌቶች መታዘዝ ጀመረ፤ የምርምር ክፍሉ አእምሮን ይፈልጋል፣ የጨዋታው ክፍል ደግሞ ትከሻን ይፈልጋል።

ከ1924 ዓ.ም. ወዲህ ቺካጎ የማኅበሩን አሸናፊነት ዳግመኛ አላገኘም። ስታግ ለ41 የውድድር ዘመናት ካገለገሉ በኋላ በ1932 ዓ.ም. 70 ዓመት ስለ ሞላቸው በጡረታ ደንብ ተሰናበቱ። እርሳቸው ግን መቀመጥን አልወደዱም፤ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክ ማሠልጠን ቀጠሉ። በ1938 ዓ.ም. ይህን ቡድናቸውን ይዘው ወደ ቺካጎ መጡ። ሜዳው ያን ጊዜ በእርሳቸው ስም «ስታግ ፊልድ» ተብሎ ነበር። በስማቸው በሚጠራው ሜዳ ላይ የቀድሞ ቤታቸውን 32 ለ 0 አሸነፉ።

የአንድ ታላቅ ተጫዋች ታሪክ

በውድቀቱም ጊዜ አንድ ብርሃን ታየ። ጄይ በርዋንገር የተባሉት የቺካጎ ተማሪ በ1935 ዓ.ም. ከአሜሪካ ኮሌጆች ተጫዋቾች ሁሉ የበለጡ ተብለው በኒውዮርክ አንድ የስፖርት ክበብ ሽልማት ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት «ሃይዝማን» ተብሎ የተሰየመው ይህ ሽልማት እስከ ዛሬ በኮሌጅ ተጫዋቾች ዘንድ ከሁሉ የላቀ ነው፤ የመጀመሪያው ተሸላሚም እርሳቸው ናቸው። በ1936 ዓ.ም. ባለደመወዞቹ ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋች በተራ ሲመርጡ የፊላዴልፊያው ቡድን አንደኛ አድርጎ የጠራው የእርሳቸውን ስም ነበር። መብቱ ወደ ቺካጎ ቤርስ ቢተላለፍም በዋጋ ስላልተስማሙ አልገቡም። ከትምህርታቸው በኋላ በጎማ ስፖንጅ ሽያጭ ሥራ ገቡ፤ ኋላም ከጎማና ከፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራ የራሳቸውን ድርጅት አቁመው ኖሩ። በ2002 ዓ.ም. አረፉ። ዩኒቨርሲቲው ለእኚህ ሰው የሰጣቸው ትምህርት ከዋንጫው ይልቅ ለረዥም ጊዜ አገለገላቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው ቤትን አያቆምም። በርዋንገር ከወጡ በኋላ ቡድኑ ወደ ቀድሞው ድካሙ ተመለሰ።

የመጨረሻው ሒሳብና የመዝጊያው ውሳኔ

ሮበርት ሜይናርድ ሃቺንስ በ1929 ዓ.ም. በ30 ዓመታቸው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። በ1938 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአንድ ታላቅ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ስለ ቲኬት ገቢና ስለ ዝና ጽፈው ነገሩን በግልጽ አወጡት። ከሐሳቦቻቸው አንዱ የመግቢያውን ዋጋ ወደ 10 ሳንቲም ማውረድ ነበር፤ ገንዘቡ ሲቀር ሽሚያውም ይቀራል በማለት ነው። ሁለተኛው የአሠልጣኞች ሹመት በሜዳው ገቢ ሳይሆን በመምህርነታቸውና በጠባያቸው እንዲጸና ነበር። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ሃርፐር በ1892 ዓ.ም. ለስታግ የሰጡት ውል ዐይነት ነው።

የ1939 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሒሳቡን ዘጋው። ቺካጎ ዋባሽንና ኦበርሊንን የመሳሰሉ ትንንሽ ኮሌጆችን አሸነፈ፤ በሌላዋ ትንሽ ኮሌጅ በቤሎይት ግን 6 ለ 0 ተሸነፈ። ኢሊኖይ 46 ለ 0፣ ቨርጂኒያ 47 ለ 0፣ ሃርቫርድ 61 ለ 0፣ ኦሃዮም እንዲሁ 61 ለ 0 አሸነፉት። በ1905 ዓ.ም. በሁለት ነጥብ የተዋረደው ሚሺጋን ደግሞ 85 ለ 0 አሸነፈው።

ባለአደራዎቹ የቀረቡላቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ። አንደኛው እንደ ሌሎቹ ተጫዋች በገንዘብ መሳብና የትምህርቱን ደንብ ማላላት ነው። ሁለተኛው እየተሸነፉ መቀጠልና ወጣቶቹን ከእነርሱ በአካል ከሚበረቱት ጋር በየሳምንቱ ማጋጨት ነው። ሦስተኛው ማቆም ነው። ታኅሣሥ 21 ቀን 1939 ዓ.ም. ሦስተኛው መመረጡ ተገለጸ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረው፣ የመጀመሪያው የሃይዝማን ተሸላሚ የወጣበት ቤት የእግር ኳስ ክፍሉን ዘጋ።

ከተዘጋ በኋላ የሆነው

ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነበር ወይ? ከስታግ በኋላ ቡድኑን የመሩት ክላርክ ሾነሲ ነበሩ። ክፍሉ ሲዘጋ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠሩ። በ1940 ዓ.ም. ያሠለጠኑት ቡድን አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የውድድሩን ዘመን ጨረሰ፤ ጥር 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በተደረገው የሮዝ ቦውል ግጥሚያም ኔብራስካን 21 ለ 13 አሸነፈ። በአንዱ ዓመት 85 ለ 0 የተሸነፈ አሠልጣኝ በተከታዩ ዓመት በሌላ ቤት ተወዳዳሪ አጣ። ሰውዬው ያው ነው፤ የተለወጠው የተሰጠው ወረት ነው።

ሜዳውም ሥራ አልፈታም። ከምዕራቡ የተመልካች መቀመጫ ሥር በሚገኝ የራኬት መጫወቻ ክፍል ውስጥ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቻቸው ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 ዓ.ም. በሰው እጅ የተሠራውን የመጀመሪያ ተከታታይ የኑክሌር ምላሽ አስገኙ። መቀመጫዎቹ በ1957 ዓ.ም. ፈረሱ፤ በቦታውም ላይ በ1970 ዓ.ም. ትልቅ የመጻሕፍት ቤት ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲው መሬቱን ከዋናው ዓላማው ጋር አስማማው።

ኪሣራም አልቀረም። ቺካጎ በ1946 ዓ.ም. ከቢግ ቴን ማኅበር ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወደ ማኅበሩ ገባ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ከአጠገቡ ካለው «ሚድዌይ» ከሚባለው መናፈሻ የተነሣ ያገኘው የ«ሚድዌይ አውሬዎች» ቅጽል ስም ወደ ባለደመወዞቹ ወደ ቺካጎ ቤርስ ተላለፈ። ይኸው ቡድን በ1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲውን የ«ሲ» ፊደል ምልክት የሚመስል ምልክት በቆቡ ላይ አደረገ። ዛሬ ብዙ ሰው ስሙንም ምልክቱንም የቤርስ ብቻ አድርጎ ያውቀዋል።

በልክ መመለስ

እግር ኳስ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለዘለዓለም አልጠፋም። በ1963 ዓ.ም. ተማሪዎች በትንሽ መጠን መጫወት ሲጀምሩ ሌሎች ተማሪዎች በሜዳው ላይ ተቀምጠው ግጥሚያውን አገዱ፤ የቀድሞው ሽሚያ እንዳይመለስ ሠግተው ነበር። ክርክሩ ቀጠለ፤ በ1969 ዓ.ም. ግን ጨዋታው የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ስፖርት ሆኖ ተመለሰ። አሁን ቡድኑ የሚጫወተው ለተጫዋች በስፖርት ችሎታው ምክንያት ነጻ የትምህርት ዕድል በማይሰጥበት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው፤ ግጥሚያውም በመጠን ከሚመስሉት ቤቶች ጋር ነው። ተጫዋቹ በፈተና ገብቶ በፈተና የሚወጣ ተማሪ ነው። ስታግ ይህን መመለስ አላዩም፤ በ1965 ዓ.ም. በ102 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ከታሪኩ የሚገኝ የንግድ ትምህርት

አንደኛ፣ ቅርንጫፍ የተከፈተበት ምክንያት በየጊዜው መመርመር አለበት። በ1892 ዓ.ም. ማንም የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ አስፈለገው፤ በ1939 ዓ.ም. ግን በምርምሩ ታውቆ ነበርና ያው ማስታወቂያ ሥራውን ጨርሷል። ቡና ላኪ በወጣትነቱ ደንበኛ ለመሳብ የከፈተው የጨርቅ ሱቅ ቡናው በውጭ አገር ገበያ ከታወቀ በኋላም ያስፈልገው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ኪሣራ ሲመጣ ሠራተኛውን ከማባረር በፊት የተሰጠውን ዕቃ መመልከት ይገባል። የሾነሲ ታሪክ ለዚህ ይበቃል። ያረጀ ሸቀጥ ይዞ፣ በራቀ መንደር ተቀምጦ፣ ብድር የመስጠት ሥልጣን ሳይኖረው ገበያ ያጣ የሱቅ ሹም ሲሰናበት በጎረቤት ሱቅ የሚያተርፈው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት ትልቅ ስታዲዮም ስለ ሠራ ሁሉም መሥራት የለበትም። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው የሌላውን ሽያጭ እያየ የሌላውን ዕዳ ለማያይ ነጋዴ ነው።

አራተኛ፣ ገበያውን በታማኝነት መከተል ሲያቅት ሚዛኑን ከመንካት መዝጋት ይሻላል። ቺካጎ ደንቡን አላልቶ ድል ቢገዛ ኖሮ ከእግር ኳሱ ጋር የዲግሪው ዋጋ በረከሰ ነበር። ጥራቱን ያጎደለ ነጋዴም የሚያበላሸው አንዱን ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ማኅተም የሚላከውን ሁሉ ያበላሻል።

አምስተኛ፣ የሚዘጋ ሰው ስሙንና ምልክቱን ይዞ ይዝጋ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ ነገር ግን ባለቤት ያልጠበቀው ስም በሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይውላል። የንግድ ምልክቱን ማስመዝገብ፣ ለደንበኞች በደብዳቤ ማስታወቅና የተረፈውን ውል ማጠናቀቅ የመዝጊያው ሥራ ክፍል ናቸው።

ስድስተኛ፣ መዝጋት የሚቻለው ሌላ መቆሚያ ያለው ብቻ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲው ምርምሩና ቋሚ ሀብቱ ስለ ነበሩት ያለ እግር ኳስ መኖር ቻለ። ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ባለሱቅ ይህን አብነት አይቶ ቢቸኩል ራሱን ይጐዳል። ለእርሱ የሚበጀው መጠኑን መቀነስ፣ ሌላውን እስኪያቆም ድረስም መታገሥ ነው። የሚቻለውም ሰው ቢሆን አብዝቶ አይዘግይ፤ ቺካጎ ከመጨረሻው ድል እስከ መዝጊያው 15 ዓመት ቆይቷል፤ የመጨረሻዎቹም ዓመታት ለማንም ደስታ አላመጡም።

ለሒሳብ መዝጊያ ወር የሚሆን ጥያቄ

ነጋዴ የዓመቱን ሒሳብ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በመዝገቡ ዳር ጽፎ ቢመልስ ይጠቀማል። ይህ ቅርንጫፍ የተከፈተው ለምን ነበር? ያ ምክንያት ዛሬም አለ ወይ? ለመቀጠል ከደንባችን የምናጎድለው ነገር አለ ወይ? በአነስተኛ መጠን ቢሠራ ዋናውን ቤት ያገለግላል ወይ?

የቺካጎ ባለአደራዎች የመጨረሻውን ጥያቄ በ1939 ዓ.ም. አልመለሱትም፤ መልሱ የመጣው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። አስቀድሞ የጠየቀ ነጋዴ ያን ያህል ዘመን መጠበቅ አያስፈልገውም።